የሞኒተር ቀለም መለኪያ ልትገዙ ነው? ስፓይደርና ካሊብራይት ጎን ለጎን

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰርግ አልበም አበላሽቻለሁ። ሙሽራዋ የለበሰችው ሐበሻ ቀሚስ እንደ ወተት ነጭ ነበር። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ግን ቀሚሱ ቅቤ የፈሰሰበት መሰለ። ፊቶቹም ጠቁረዋል። በንዴት ጦፌ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። የማሽኑ ባለሙያ አልተከራከረኝም። ፋይሌን በራሱ ሞኒተር ከፈተና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ቀሚሱ እዚያም ቢጫ ነው። ፊቱ እዚያም ጨልሟል። አልበሙ የታተመው ልክ እኔ እንደላክሁት ነበር።

ላፕቶፔ ወደ ሰማያዊ ያደላ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሰማያዊውን ለማጥፋት በየፎቶው ላይ ቢጫ ስጨምር ሰንብቻለሁ። ብርሃኑም እስከ ጥግ ተከፍቶ ስለነበር ሁሉም ፎቶ የነጣ እየመሰለኝ አጨለምኩት። ስክሪኑ ዋሸኝ፤ እኔ ውሸቱን አምኜ ፎቶዎቹን "አስተካከልኳቸው"።

አልበሙን ከኪሴ አውጥቼ ደግሜ አሳተምኩ። ያ ገንዘብ አንድ ደህና የቀለም መለኪያ ይገዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓይነት መለኪያ በእጄ አልፏል። "የቱን ልግዛ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ዓይን ለምን አይበቃም

ዓይናችን ቶሎ ይለምዳል። ነጠላ በሻማ ብርሃን ብታዩት ነጭ ነው። ፀሐይ ላይ ብታወጡትም ነጭ ነው። ብንለካው ግን በሻማው ሥር ያለው ነጠላ ብርቱካናማ ነው። ዓይን "ነጭ መሆኑን አውቃለሁ" ብሎ ያልፈዋል። ለኑሮ ጥሩ ነው። ለኤዲቲንግ ግን ጉድ ይሠራል። ሰማያዊ ስክሪን ፊት 10 ደቂቃ ከተቀመጣችሁ ሰማያዊነቱ ይጠፋባችኋል።

ዊንዶውስም ማክም በዓይን እያዩ የሚያስተካክሉበት ነጻ መሣሪያ አላቸው። አትናቁት። ጋማውን (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው ድምቀት የሚጨምርበትን አካሄድ) በመጠኑ ያስተካክላል፣ ብርሃንና ኮንትራስቱን ወደ ልክ ያመጣል። ነጩን ግን አይለካም፤ የሚለካው የእናንተው ዓይን ነውና።

መሣሪያው ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

መለኪያው ከኮምፒውተር ማውዝ ብዙም አይበልጥም። በዩኤስቢ ይሰካል፣ በግንባሩ ተደፍቶ ስክሪኑ ላይ ይንጠለጠላል። ሶፍትዌሩ ቀለም እያፈራረቀ ያሳየዋል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ጥቁር። መሣሪያው ያየውን በቁጥር ይናገራል። ሶፍትዌሩ የታዘዘውንና የተነበበውን ያስተያይና ሁለት ነገር ያዘጋጃል። አንዱ የስክሪኑን ነጭና ግራጫ የሚያቃና ማስተካከያ ነው። ሌላው አይሲሲ ፕሮፋይል የሚባል ትንሽ ፋይል ነው። ይህ ፋይል ለፎቶሾፕና ለመሰሎቹ "ይህ ስክሪን ቀይን እንዲህ ነው የሚያሳየው" ብሎ ይመሰክራል።

ለአብዛኛው ሰው ዒላማው የታወቀ ነው፦ ነጭ 6500 ኬልቪን (የቀን ብርሃን ነጭ ማለት ነው)፣ ጋማ 2.2፣ ብርሃን ከ80 እስከ 120 ኒት። ኒት ማለት የስክሪን ብርሃን መጠን መስፈሪያ ነው። ከካርቶን የወጣ ሞኒተር ብዙውን ጊዜ 250 ወይም 300 ኒት ይረጫል። "ፎቶዬ ሁልጊዜ ጨልሞ ይታተማል" የሚል ሰው ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

አሁን ሻጮች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። መለኪያ የሌለ ቀለም አይፈጥርም። ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች የኤስአርጂቢን (የኢንተርኔት ፎቶ መደበኛ የቀለም ክልል ነው) ቀለም ከሞላ ጎደል 60 በመቶ ብቻ ነው የሚያሳዩት። እንዲህ ያለ ስክሪን ላይ የ300 ዶላር መለኪያ ብትለጥፉበት ነጩ ይስተካከላል፣ ግራጫው ይጠራል፣ የባንዲራው ቀይ ግን ያው የደበዘዘ ቀይ ነው። ሽሮ ብቻ ባለበት ቤት ዶሮ ወጥ አይወጣም። ስለዚህ ያላችሁ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ሞኒተር ግዙ። ሙሉ ኤስአርጂቢ የሚያሳይ አይፒኤስ (ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ብዙም የማይለወጥ) ሞኒተር ዛሬ ብርቅ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ለክቶ የላከው ሞኒተር አለ። ካርቶኑ ውስጥ የመለኪያ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ሥራችሁ ለፌስቡክና ለቴሌግራም ብቻ ከሆነ፣ ሞኒተሩም አዲስ ከሆነ፣ ኤስአርጂቢ ሞዱ ላይ አድርጉት፣ ብርሃኑን ቀንሱና መለኪያ መግዛቱን ለዘንድሮ እለፉት። ስክሪን ሲያረጅ ቀለሙ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ያኔ ትመለሱበታላችሁ።

የስሙ ውዥንብር

በገበያ ላይ ያለው ስም ያደናግራል። ጭብጡ ግን ሁለት ቤተሰብ ነው።

አንደኛው ዳታከለር ነው። ስፓይደር የሚባለውን የሚሠራው እሱ ነው። ስፓይደር 3፣ 4፣ 5 እያለ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ስፓይደርኤክስ፣ በ2023 ስፓይደርኤክስ2 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩንም ፊደሉንም ጥሎ ስፓይደር ብቻ ብሎታል።

ሁለተኛው የኤክስ-ራይት ዘር ነው። ኤክስ-ራይት እ.ኤ.አ. በ2006 ግሬታግማክቤትን ገዛ። በ2011 አይዋን ዲስፕሌይ ፕሮ የሚባለውን መለኪያ አወጣ። ጥቁር፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ለዓመታት የባለሙያው ሁሉ መሣሪያ የነበረ ነው። በ2021 የፎቶና የቪዲዮ ዕቃዎቹ ካሊብራይት ወደሚባል አዲስ ኩባንያ ተዛወሩ። መለኪያው ከለርቼከር ዲስፕሌይ ፕሮ ተብሎ ወጣ። በ2023 ደግሞ ዲስፕሌይ ፕሮ ኤችኤል፣ ዲስፕሌይ ፕላስ ኤችኤል፣ ዲስፕሌይ ኤስኤል እና ዲስፕሌይ 123 መጡ።

ይህን የዘር ሐረግ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ያገለገለ ዕቃ ስትፈልጉ አንዱ ሻጭ "አይዋን ነው" ይላችኋል፣ ሌላው "ካሊብራይት ነው" ይላችኋል። የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ካላወቃችሁ ግራ ትጋባላችሁ።

ዋጋ በግምት ላስቀምጥ። የሁለቱም ቤተሰቦች መደበኛ መለኪያዎች ከ120 እስከ 350 ዶላር ባለው ክልል ውስጥ ናቸው። ስፓይደርኤክስ ሲወጣ ፕሮ የሚባለው 170፣ ኤሊት የሚባለው 270 ዶላር ገደማ ነበር። የብሩን ስሌት ለእናንተ ትቻለሁ፤ ዛሬ ብጽፈው ነገ ይለወጣል።

ስፓይደርና ካሊብራይት ሲጋጠሙ

ከፍጥነት ልጀምር። ስፓይደርኤክስ ፈጣን ነው። ሁለት ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። የአይዋን ዘር እንደ መረጣችሁት የቀለም ብዛት አምስትም አሥርም ደቂቃ ይወስዳል። እውነቱን ለመናገር ይህ ለእኔ ምንም አይደለም። በወር አንዴ ለምትሠሩት ሥራ ስምንት ደቂቃ ቡና አንድ ጊዜ ለመቅዳት እንኳ አይበቃም።

የሚያጨቃጭቀው ጥቁሩ ላይ ነው። የእኛ ሰው ፊት የሚያርፈው በመካከለኛውና በጨለማው የቀለም ክፍል ነው። ጠይም ፊት ላይ ትንሽ አረንጓዴ ከገባ ሰውየው የታመመ ይመስላል። ትንሽ ቀይ ከገባ ደግሞ በፀሐይ የተቃጠለ። ስለዚህ መለኪያው ጨለማ ግራጫዎችን አጥርቶ ማንበብ አለበት። የድሮው ስፓይደር 5 እዚህ ላይ ደካማ ነበር። ዳታከለር ይህንን አውቆ ስፓይደርኤክስ ላይ ሌንስ አስገባ፤ በጨለማ ያለው ንባብም በጣም ተሻሻለ። የአይዋን ዘር ግን ከ2011 ጀምሮ በዚህ የታወቀ ነው። የዛሬዎቹን ብቻ ካነጻጸርን ልዩነቱ ጠቧል። ያገለገለ ስፓይደር 5 እና ያገለገለ አይዋን ዲስፕሌይ ፕሮ ቀርበውላችሁ ከሆነ ግን አትጠራጠሩ፤ አይዋኑን ውሰዱ።

ቀጥሎ የስክሪኑ ዓይነት ይመጣል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። እነዚህ መለኪያዎች ከለሪሜትር ይባላሉ። ውስጣቸው ያሉት ማጣሪያዎች የሰውን ዓይን ለመምሰል የተሠሩ ናቸው። የሚመስሉትም እ.ኤ.አ. በ1931 ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ያወጣውን የ"መደበኛ ዓይን" ቀመር ነው። ግን ይመስሉታል እንጂ አይሆኑትም። ተራ ነጭ ኤልኢዲ ያለው ስክሪን፣ ሰፊ ቀለም የሚያሳይ ስክሪን፣ ኦሌድ፣ ሚኒ ኤልኢዲ ሁሉም ነጭ ይመስላሉ። የብርሃናቸው ቅንብር ግን ይለያያል። መለኪያው የትኛውን እንደሚያይ ካልተነገረው ይሳሳታል። ሶፍትዌሩ ሲጠይቃችሁ በዘፈቀደ አትንኩት። የተሳሳተ ከመረጣችሁ ነጩ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ይሸሻል። ሰው "መለኪያው አይሠራም" ብሎ የሚወረውረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የአይዋን ዘር አንድ ብልጫ አለው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ማጣሪያዎች ጠባይ በሆዱ መዝግቦ ይዟል። ለአዲስ የስክሪን ዓይነት የብርሃን ቅንብሩን የያዘ ትንሽ ፋይል ከተገኘ መለኪያው በዚያ ራሱን ያርማል። ስለዚህ የ2011 ዕቃ ያኔ ያልነበረ ስክሪን መለካት ይችላል። ስፓይደርኤክስ በአብዛኛው የሚተማመነው ፋብሪካው በሰጠው የስክሪን ዝርዝር ላይ ነው። ስክሪናችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ችግር የለም።

ሶፍትዌሩስ? የዳታከለር ሶፍትዌር እጅ ይዞ ይመራል። ሥዕል ያሳያል፣ "አሁን ብርሃኑን ቀንስ" ይላል። ለጀማሪ ደስ ይላል። የካሊብራይት ፕሮፋይለርም ቀላል መንገድና ረቂቅ መንገድ አለው። ልዩነቱ ፈቃዱ ላይ ነው። ስፓይደር የመለያ ቁጥር ያስገባል፤ በኢንተርኔት ይረጋገጣል። የካሊብራይቱ ሶፍትዌር ግን ፈቃዱ መሣሪያው ራሱ ነው። ሰካችሁት፣ ሠራ። ይህ ነገር ለእኛ አገር ሥራ ለምን ትልቅ እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ስለ ፕሮና ስለ ኤሊት አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ስፓይደርኤክስ ፕሮና ስፓይደርኤክስ ኤሊት በሆዳቸው አንድ ናቸው። የ100 ዶላሩ ልዩነት ያለው ሶፍትዌሩ ላይ ነው። ኤሊቱ ዒላማውን እንደፈለጋችሁ እንድትመርጡ ይለቅላችኋል፣ ፕሮጀክተር ይለካል፣ ብዙ ስክሪን እርስ በርስ ያስተያያል። ፕሮው የተዘጋጁ ምርጫዎችን ይሰጣችኋል። ነጻ ሶፍትዌር ለመጠቀም ካሰባችሁ ለኤሊት አንድ ሳንቲም አትጨምሩ።

ነጻው መንገድ

ነጻ ሶፍትዌር ስል ዲስፕሌይካልን ነው። ሞተሩ አርጊል ሲኤምኤስ ይባላል፤ ግሬም ጊል የሚባል አውስትራሊያዊ የጻፈው ነው። ዲስፕሌይካልን በላዩ የሠራው ፍሎሪያን ሆች ነው። የእሱ የመጨረሻ እትም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። ከዚያ በኋላ በጎ ፈቃደኞች በአዲስ ፓይተን እያደሱት ነው።

ገጽታው አያምርም። ምርጫው ብዙ ነው። መጀመሪያ ስከፍተው የአውሮፕላን አብራሪ ክፍል የገባሁ መሰለኝ። ግን ከሚከፈልባቸው ይልቅ ጥልቅ ነው። ቪዲዮ የምትሠሩ ደግሞ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ የሚጫን የማስተካከያ ፋይል ያወጣላችኋል። ይህን ተራ ነገር አድርጋችሁ አትዩት። አይሲሲ ፕሮፋይል ለፎቶሾፕ ይጠቅማል፤ ብዙ የቪዲዮ መስኮቶች ግን አያዩትም። የክሊፕ ቀለም የሚሠራ ልጅ ሞኒተሩን ለክቶ "ለምን አልተለወጠም?" ብሎ የሚገረመው ለዚህ ነው።

ዊንዶውስ ላይ አንድ ጣጣ አለ። ስፓይደርን በአርጊል ለመጠቀም ሌላ ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል። የአይዋን ዘር ያለ ምንም ድራይቨር ይነበባል። ማክ ላይ ሁለቱም አያስቸግሩም። በጣም አዲስ ሞዴል ልትገዙ ከሆነ አርጊል ያውቀው እንደሆነ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ርካሾቹ

ዲስፕሌይ 123 በስሙ እንደሚናገረው ሦስት እርምጃ ነው። ክፈት፣ ስቀል፣ ጨርስ። ዒላማ ልምረጥ፣ ላጣራ ለሚል ሰው አልተሠራም። እቤት ለሚሠራ ተማሪ፣ ወይም "እኔ ስለ ጋማ መስማት አልፈልግም" ለሚል ነጋዴ ይሆናል። ዲስፕሌይ ኤስኤል ከሱ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ሙሉውን ፕሮፋይለር ይጠቀማል። ለፎቶ ቤት የምመክረው ዝቅተኛው ይህ ነው። 50 ዶላር ለማትረፍ ብሎ ከዚህ በታች መውረድ ቆይቶ ያስቆጫል። አንድ ዓመት ተጠቅማችሁበት ምርጫ ሲያጥራችሁ ሌላ ትገዛላችሁ፣ የመጀመሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የኒት ውድድር

አሁን ማስታወቂያው ሁሉ ኒት ነው። ዲስፕሌይ ፕሮ ኤችኤል እስከ 3,000 ኒት፣ ፕላስ ኤችኤል እስከ 10,000 ኒት ይለካሉ። አዲሱ ስፓይደር ደግሞ ከዚያም አልፌያለሁ ይላል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። የእናንተ ሞኒተር ግን ምናልባት 300 ኒት ነው። ለሕትመት ስትሠሩ ደግሞ ወደ 100 ታወርዱታላችሁ። የማክቡክ ፕሮ ሚኒ ኤልኢዲ ስክሪን እንኳ ጫፉ 1,600 ነው። 10,000 ኒት የሚያስፈልገው ኤችዲአር (ድምቀቱ ከተለመደው በጣም የሚያልፍ) ፊልም የሚያርም ሰው ነው። እሱም ቢሆን ይህን ጽሑፍ አያነብም፤ መሥሪያ ቤቱ ገዝቶለታል።

ፕላሱን የምትመርጡበት ሌላ ምክንያት ካለ ቪዲዮ ነው። ለቴሌቪዥን የሚሆነውን የጋማ ደረጃ ይዞ ይመጣል። ያንንም ዲስፕሌይካል በነጻ ያደርገዋል። ስለዚህ የእኔ ብር ፕሮ ኤችኤል ላይ ይቆማል።

ከዚያ በላይ፦ ስፔክትሮ

ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባል ሌላ ዓይነት አለ። ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ እያንዳንዱን ክፍል ይለካል። የስክሪኑን ዓይነት መንገር አያስፈልግም፤ ራሱ ያየዋል። ከዚህም በላይ ወረቀት ይለካል። ይህ ነው ቁም ነገሩ። ፕሪንተር ያለው ሰው በዚህ ለወረቀቱና ለቀለሙ የራሱን ፕሮፋይል ይሠራል። የካሊብራይት ከለርቼከር ስቱዲዮ ከዚህ ወገን ነው፤ ድሮ ከለርመንኪ ፎቶ፣ በኋላም አይዋን ስቱዲዮ ይባል የነበረው ማለት ነው። ዋጋው ከ500 ዶላር አይወርድም። የማተሚያ ቤቶቹ አይዋን ፕሮ 3 ደግሞ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው።

ውድ ስለሆነ ለስክሪንም ይበልጣል ብላችሁ አታስቡ። ስፔክትሮ ጥቁርና ጨለማ ግራጫ ላይ ይንተባተባል፤ የሚደርሰው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ንባቡ ይዋዥቃል። ለስክሪን ብቻ ከሆነ ደህና ከለሪሜትር ይሻላል። ካንቫስ የምታትሙ፣ ባነርና አልበም በራሳችሁ ማሽን የምታወጡ ከሆነ ግን ከለሪሜትር ግማሽ መንገድ ነው። ስክሪናችሁ ልክ ሆኖ ፕሪንተራችሁ የፈለገውን ያወጣል።

ወይስ መለኪያው ሞኒተሩ ውስጥ ይሁን?

የኤይዞ ከለርኤጅ ሲጂ ሞኒተሮች መለኪያቸው አብሯቸው ነው። ከጠርዙ ብቅ ይላል፣ ለክቶ ይገባል። ማታ ተኝታችሁ ሊሠራው ይችላል። ውድ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። መካከለኛው መንገድ እንደ ቤንኪው ኤስደብሊው ያሉት ናቸው። መለኪያውን ለብቻ ትገዛላችሁ፤ ማስተካከያው ግን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይሆን ሞኒተሩ ውስጥ ይቀመጣል። ጥቅሙ ሁለት ነው። ግራጫው ሳይቆራረጥ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ኮምፒውተር ብትቀይሩም ማስተካከያው አብሯችሁ ነው። እንዲህ ዓይነት ሞኒተር ካላችሁ መለኪያ ከመግዛታችሁ በፊት የሞኒተሩ ሶፍትዌር የትኛውን እንደሚቀበል እዩ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ገንዘባችሁን በተኑት ማለት ነው።

ያገለገለ ስትገዙ

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ የምትገባ ዕቃ ስለሆነች ያገለገለውም ይገኛል። ሦስት ነገር ልብ በሉ።

ከ2011 በፊት የተሠሩትን እለፉ። ስፓይደር 2፣ ስፓይደር 3፣ አይዋን ዲስፕሌይ 2 የሚባሉት ማጣሪያቸው በሙቀትና በእርጥበት ያረጃል። መሣሪያው ይሠራል፣ ቁጥርም ይሰጣል። ቁጥሩ ውሸት ነው። ከመለኪያ ሁሉ የከፋው ደግሞ በልበ ሙሉነት የሚዋሽ መለኪያ ነው።

ከለርመንኪ ዲስፕሌይ ካገኛችሁ አትሽሹ። በውስጡ አይዋን ዲስፕሌይ ፕሮ ነው፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ አዝግሞታል። ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ ግዢ ነው። ከለርመንኪ ስማይል የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ ስሙ አያታልላችሁ።

ስፓይደር ከሆነ የመለያ ቁጥሩን ተቀበሉ። ቁጥሩ ከጠፋ የፋብሪካው ሶፍትዌር አይከፈትም፤ በነጻው ብቻ ትቀራላችሁ።

የሶፍትዌሩን ውጤትም ብዙ አትመኑት። ጨርሶ "ዴልታ ኢ 0.4፣ እጅግ በጣም ጥሩ" ይላችኋል። ዴልታ ኢ በታዘዘው ቀለምና በታየው መካከል ያለ ርቀት ነው። 1 አካባቢ ሲሆን ዓይን ልዩነቱን ገና መለየት ይጀምራል። ግን የለካውም፣ ያረጋገጠውም ያው መሣሪያ ነው። ራሱ ተፈታኝ፣ ራሱ አራሚ። ከጓደኛ መለኪያ ተውሳችሁ አንድ ጊዜ ብታስተያዩ ከዚያ ቁጥር ሁሉ ይበልጣል።

ከመለካታችሁ በፊት

ስክሪኑ 30 ደቂቃ በርቶ ይሙቅ። 25ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ከሄደ እንግዲህ ቻሉት። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ይሰካ፤ በባትሪ ሲሆን ብርሃኑን በራሱ የሚቀንስ ብዙ ነው። ናይት ላይት፣ ትሩ ቶን፣ ራሱን የሚያስተካክል ብርሃን፣ ሁሉንም አጥፉ። መስኮቱን ጋርዱ። ሞኒተሩን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሉት፤ መለኪያው በራሱ ክብደት ይለጠፋል። በፕላስተር አትጫኑት። ስክሪኑ ላይ ያለውን የዘይት ጣት አሻራ ጥረጉ። ይህን የምለው ከልምድ ነው፤ እንጀራ እየበላ ኤዲት የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ፤ በመስታወት አየዋለሁ።

ሁለት ሞኒተር ጎን ለጎን ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ቀድማችሁ ዕወቁ። ሁለቱንም ለክታችሁ ነጫቸው በዓይን አንድ ላይሆን ይችላል። አንዱ ተራ ኤልኢዲ፣ ሌላው ሰፊ ቀለም ያለው ከሆነ የብርሃናቸው ቅንብር ስለሚለይ መለኪያው "አንድ ናቸው" ሲል ዓይናችሁ "አይደሉም" ይላል። መለኪያው አልተበላሸም። ቀለም የምትወስኑበትን አንዱን ምረጡ፤ ሌላውን ለፋይሎችና ለቴሌግራም ተዉት።

እኛ እንዴት ገዛነው

አሁን የቅድሙን ቀጠሮ ላክብር። ይህ ዕቃ በወር 10 ደቂቃ ነው የሚሠራው። ቀሪውን 30 ቀን ይተኛል። እንዲህ ያለ ዕቃ እያንዳንዱ ፎቶ ቤት ለየብቻው ይግዛ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ሦስት ጓደኛሞች ሆነን አዋጣንና አንድ ገዛን። የመረጥነው የካሊብራይቱን ነው። ዋናው ምክንያት ጥቁሩም፣ ዋጋውም አልነበረም። ፈቃዱ ዕቃው ላይ ስለሆነ ነው። ማን ጋ ይሁን፣ የማን ኮምፒውተር ይሁን አይጠይቅም። ስፓይደር ቢሆን የመለያ ቁጥሩን፣ የማን ስም እንደሆነ፣ የኔት መቆራረጡን እያሰብን እንጨቃጨቅ ነበር።

እንደ ዕቁብ በተራ ይዞራል። ደንባችን ሁለት ብቻ ነው። ከቦርሳው ውጭ አያድርም፤ ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ከጫማ ካርቶን የወጡ እርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አሉ፣ ለክረምቱ። ሁለተኛ፣ የወሰደ ሰው ለክቶ ሲጨርስ ያንኑ አንድ የጋራ ፎቶ ይከፍታል፤ ጠይም ፊት፣ ነጭ ነጠላ፣ ከጀርባ ግራጫ ግድግዳ ያለበት። ከዚያው ፎቶ የታተመውንም ከመስኮቱ አጠገብ ይዞ ከስክሪኑ ጋር ያስተያያል። ካልተመሳሰለ ይደውላል።

ባለፈው አንዱ ደወለ። "ነጠላው ሮዝ ሆነብኝ" አለ። የስክሪን ዓይነቱን ተሳስቶ መርጦ ነበር። አሁን መሣሪያው እሱ ጋ ነው፤ የእኔ ተራ ሐሙስ ይደርሳል። አንድ አልበም ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። እስከ ሐሙስ አልከፍተውም።